መልኩን የለወጠ እከክና የማጉያው መነጽር

ከቆዳ ደዌዎች ሁሉ እንደ እከክ የታወቀ፣ እንደ እከክም የተናቀ የለም። በጪሮና በሂርና፣ በበዴሳና በገለምሶ፣ በመሰላም ደጋ ባሉት መንደሮች ሁሉ ሰው ስሙን ያውቀዋል፤ በኦሮምኛ ጪቶ፣ በአማርኛ እከክ፣ በቀደሙት ሰዎች አነጋገር ደግሞ ፎከት ይሉታል። ስሙ የታወቀ በመሆኑም መልኩ ሁሉ የታወቀ ይመስለናል። በጣቶቹ መካከልና በእጁ አንጓ ላይ ሽፍታ ወጥቶበት፣ ሌሊት እንቅልፍ አጥቶ ሲያክ የሚያድረውን ልጅ ያየች እናት ሕመሙን ለመለየት ሐኪም አያስፈልጋትም፤ ታናሽ ወንድሙም እንደዚሁ ሆኖ ከነበረ ፍርዷ እምብዛም አይሳሳትም። ይህ ጽሑፍ የሚናገረው ግን ስለዚህ ዓይነቱ እከክ አይደለም። የሚናገረው እከክ እከክን ሳይመስል ሲቀር፣ የእናትም የመምህርም፣ አንዳንድ ጊዜም የሐኪም ዐይን ሲታለል ምን ሊደረግ እንደሚገባ ነው። የጸሐፊው አስተያየት ባጭሩ ይህ ነው፤ ቆዳን አጉልቶ የሚያሳየው ደርሞስኮፕ የተባለው ትንሽ የእጅ መነጽር ለታላላቅ ከተሞች የቆዳ ሐኪሞች ብቻ የሚተው ዕቃ አይደለም። በምዕራብ ሐረርጌ ጤና ጣቢያዎችም ሊኖር ይገባዋል፤ ነገር ግን ሥራውና ወሰኑ አስቀድሞ ታውቆ መሆን አለበት።

እከክን የምታመጣው የሸረሪትና የመዥገር ዘመድ የሆነች ባለ 8 እግር ተባይ ናት። ርዝመቷ ከ1 ሚሊሜትር ሲሶ ብዙም ስለማይበልጥ፣ የሰው ዐይን ሊያይ ከሚችለው የመጨረሻ ድንበር ላይ ትገኛለች። እንስቲቱ የቆዳውን ላይኛ ሽፋን እየፈለፈለች ቀጭን ቦይ ታበጃለች፤ በዚያም ቦይ ውስጥ በየቀኑ 2 ወይም 3 ዕንቁላል እየጣለች ከ4 እስከ 6 ሳምንት ያህል ትኖራለች። በተለመደው እከክ በአንድ በሽተኛ ሰውነት ላይ የሚገኙት እንስት ተባዮች ከ10 እስከ 15 ብቻ ናቸው። አንባቢ ይህን ቍጥር ልብ ይበል፤ ኋላ ያስፈልገናል። ሌሊቱን በሙሉ ሲያክ የሚያድረው ሰው የተሸከመው እነዚህን ጥቂት ተባዮች ነው። ማሳከኩ የሚመጣው ሰውነት ተባይዋን፣ ዕንቁላሏንና ዓይነ ምድሯን በመጥላት ከሚያነሣው ቍጣ ነው እንጂ ከንክሻዋ አይደለም። ይህም ቍጣ በመጀመሪያው ጊዜ የሚነሣው ከ4 እስከ 6 ሳምንት ቆይቶ ስለ ሆነ፣ በሽተኛው ማከክ ከመጀመሩ በፊት ሕመሙን አብረውት ለሚተኙት ሁሉ አካፍሎ ይጨርሳል። ሁለተኛ ጊዜ ሲይዘው ግን ሰውነት ጠላቱን ስለሚያስታውስ በ1 እስከ 3 ቀን ውስጥ ማሳከክ ይጀምራል።

ይህ ወረቀት ስለ ንጽሕና የሚናገር ቢሆንም አንድ እውነት ሳይሸፋፍኑ መናገር ይገባል። እከክ የቆሻሻ ሰው በሽታ አይደለም። ተባይዋ ከሰው ወደ ሰው የምትተላለፈው ገላ ለገላ ረዘም ላለ ጊዜ በመነካካት፣ ይልቁንም በአንድ መኝታ በመተኛት ነው። ፈጣን የሆነ የእጅ ሰላምታ ብዙውን ጊዜ አያስተላልፋትም። ውኃና ሳሙና ቁስሉ እንዳያመረቅዝ ይረዳሉ፤ ተባይዋን ግን ከቦይዋ አያወጧትም። በየቀኑ የሚታጠበውና ልብሱን አዘውትሮ የሚለውጠው ሰው ምልክቱ ጥቂት ስለሚሆን እከክ እንደ ያዘው ማንም አይጠረጥርም፤ እርሱም ራሱ ስለሚያፍር አይናገርም። መልኩን ከሚለውጡት የእከክ ዓይነቶች አንዱ እንግዲህ ይህ የንጹሕ ሰው እከክ ነው።

ተባይዋን ለማየት የሰው ልጅ ብዙ ደክሟል። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) ቦኖሞ የተባለ ሐኪምና ቼስቶኒ የተባለ መድኃኒት ቀማሚ፣ ሁለቱም የኢጣልያ ሰዎች፣ ከእከክ ቁስል በመርፌ ያወጡትን ተባይ በማይክሮስኮፕ አይተው ለሊቁ ለፍራንቼስኮ ሬዲ የጻፉት ደብዳቤ በ1687 ታተመ። የእከክ ምክንያት ይህች ተባይ እንጂ የደም መበላሸት አይደለም አሉ። ነገሩ ግን ተረሳ። በ1812 ገሌስ የተባለ ሰው በፓሪስ ከተማ ተባይዋን አገኘሁ ብሎ ሥዕሏን አሳተመ፤ ኋላ ሲመረመር ሥዕሉ የእከክ ተባይ ሳይሆን በአይብ ላይ የምትኖረው ተባይ ሆኖ ተገኘ። ብዙ ሐኪሞችም ከዚያ ወዲያ የእከክ ተባይ የምትባል ፍጥረት የለችም እስከ ማለት ደረሱ። አንድ ሐሰተኛ ሥዕል ስንት ዘመን እንደሚያዘገይ ከዚህ ይታያል። በመጨረሻ በ1834 ሬኑቺ የተባለ የኮርሲካ ደሴት ተወላጅ ተማሪ በፓሪሱ ሴንት ሉዊ ሆስፒታል በመምህራኑ ፊት ተባይዋን በመርፌ አውጥቶ አሳየ። ይህንን ጥበብ ከየት ተማርኸው ቢባል፣ ከአገሬ ሴቶች ነው የሚል ነበር መልሱ፤ የኮርሲካ እናቶች ልጆቻቸውን በመርፌ ያክሙ ነበርና። የእኛም እናቶች ሙጃሌን በመርፌ ሲያወጡ የኖሩ ስለ ሆነ ነገሩ ሊያስደንቀን አይገባም። እነዚያ ሴቶች የታደሉት አንድ ነገር ተባይዋን የሚፈልጉበትን ቦታ ማወቃቸው ነው። ተባይዋ የምትገኘው ብዙ በሚያሳክክበትና በቈሰለበት ላይ ሳይሆን፣ በቀጭኑ ቦይ ጫፍ ላይ ነው።

አሁን ወደ ተነሣንበት ጉዳይ እንመለስ። በ1848 ዳንየልሰንና ቤክ የተባሉ ሁለት የኖርዌይ ሐኪሞች በሥጋ ደዌ በሽተኞች ላይ እንግዳ የሆነ ነገር አገኙ። የበሽተኞቹ እጅና እግር እንደ ዛፍ ልጥ በወፈረ ቅርፊት ተሸፍኗል፤ ቅርፊቱ በማይክሮስኮፕ ሲታይ ግን ከዳር እስከ ዳር በእከክ ተባዮች የተሞላ ነው። ይህ ዓይነቱ እከክ ለብዙ ዘመን የኖርዌይ እከክ ሲባል ኖሯል፤ ዛሬ ቅርፊታማ እከክ ማለቱ ይሻላል፤ የማንም አገር ሰው በደዌ ስም መጠራት የለበትምና። በተለመደው እከክ ላይ ከ10 እስከ 15 ያልናቸው ተባዮች በቅርፊታማው እከክ ላይ ብዙ ሺህ፣ አንዳንዴም ሚሊዮን ይሆናሉ። ይህ የሚደርሰው የሰውነት መከላከያ ኃይላቸው በደከመባቸው ሰዎች ላይ ነው፤ ይኸውም በእጅግ ባረጁት፣ ሕክምና ባላገኙ የኤች አይ ቪ በሽተኞች፣ ስቴሮይድ የተባለውን መድኃኒት ለረጅም ጊዜ በሚወስዱት፣ እንዲሁም እጃቸው ስለ ደነዘዘ ወይም ሽባ ስለ ሆነ ማከክ በማይችሉት ላይ ነው። ነገሩን እጅግ አሳሳች የሚያደርገው ግን ብዙዎቹ በጥቂቱ ብቻ ማሳከካቸው፣ አንዳንዶቹም ከቶ አለማሳከካቸው ነው። እከክ የማያሳክክ ከሆነ እንግዲህ ማን እከክ ይለዋል?

እንበል፣ ከሂርና ወይም ከኩኒ ገጠር አንዲት አሮጊት እማማ አሉ፤ እጃቸው ተሰነጣጥቆና ቅርፊት አውጥቶ፣ ጥፍራቸውም ወፍሮ ይታያል። ጎረቤት ሥጋ ደዌ ነው ይላል። ሐረርጌ የሥጋ ደዌን ነገር ያውቃል፤ በሐረር አጠገብ ያለው የቢሲዲሞ ማእከል በ1957 በጀርመን አገር የተመሠረተው የሥጋ ደዌ ረድኤት ማኅበር የመጀመሪያ ሥራ እንደ ነበረ ብዙዎች ያስታውሳሉ። በመታወቁ ምክንያትም ስሙ በቶሎ ይነሣል። ቤተ ሰቡ ያፍራል፤ አሮጊቷም በጓዳ ይቀመጣሉ፤ የልጅ ልጆቻቸው ግን አሁንም በጉያቸው ይተኛሉ። ከጥቂት ሳምንት በኋላ ልጆቹ ሁሉ ያክካሉ፤ ትምህርት ቤትም ይሄዳሉ፤ መምህሩ በክፍሉ 5 ወይም 6 ተማሪዎች ሲያክኩ ያያል፤ የጤና ሠራተኛው መጥቶ መድኃኒት ያድላል፤ ልጆቹ ይድናሉ፤ ከወር በኋላ ደግሞ እንደገና ያክካሉ። መድኃኒቱ አይሠራም ተብሎ ይታማል። መድኃኒቱ ግን ምንም አልጐደለውም፤ የሕመሙ ምንጭ በጓዳ ተቀምጦ ማንም አላየውም። በዚህ ሁሉ ውስጥ እጅግ የሚጐዱት አሮጊቷ ራሳቸው ናቸው፤ በተሰነጠቀው ቅርፊት በኩል ባክቴሪያ ወደ ደም ሲገባ ሰውን ይገድላልና።

ሌላው የመሳሳት በር ሕፃን ልጅ ነው። በአዋቂ ሰው ላይ እከክ ከአንገት በላይ አይወጣም እንላለን፤ በሚጠባ ሕፃን ላይ ግን በራስ ቆዳ፣ በፊት፣ በመዳፍና በውስጥ እግር ላይ ይወጣል፤ ውኃ ቋጥሮም ሊታይ ይችላል። እናት የሙቀት ሽፍታ ነው ወይም ከምግብ የመጣ ነው ትላለች። በወንዶች ብልትና በብብት ላይ ደግሞ ተባይዋ ከሞተች በኋላ እንኳ ለወራት የማይጠፋ ጠንካራ እብጠት የሚተው የእከክ ዓይነት አለ፤ ሰው የአባለ ዘር በሽታ መስሎት በኀፍረት ይደብቀዋል። ከሁሉ ይልቅ የዘመናችን ጥፋት የሆነው ግን ያለ ሐኪም ትእዛዝ ከየሱቁ የሚገዛው የስቴሮይድ ቅባት ነው። ይህ ቅባት ማሳከኩን ለጊዜው ያበርዳል፤ መቅላቱን ያጠፋል፤ ተባይዋን ግን አይነካትም፤ እንዲያውም የሰውነትን መከላከያ ስለሚያደክም እንደ ልቧ እንድትራባ ያደርጋታል። ከወር በኋላ በሽተኛው ጤና ጣቢያ ሲደርስ ሽፍታው የእከክን መልክ አጥቶ ጭርትም፣ ችፌም፣ ሌላም ሌላም ይመስላል። በሕክምና መጻሕፍት ስሙን የደበቀ እከክ ይሉታል። በትክክል ተሰይሟል።

ደርሞስኮፕ የሚጠቅመው እንግዲህ በዚህ ላይ ነው። መሣሪያው በመዳፍ የሚያዝ፣ የራሱ መብራት ያለው፣ ነገርን 10 ጊዜ ያህል አጉልቶ የሚያሳይ መነጽር ነው። ተራ ማጉያ መነጽርም ያጐላል፤ ልዩነቱ ግን በብርሃኑ ላይ ነው። የቆዳችን ላይኛ ሽፋን የሚወድቅበትን ብርሃን እንደ መስተዋት ይመልሳል። ጸሓይ የሚያንጸባርቅበትን ኩሬ ብንመለከት የምናየው ጸሓይቱን ነው እንጂ በውኃው ውስጥ ያለውን ዓሣ አይደለም። ደርሞስኮፕ ይህንን ነጸብራቅ ወይም በቆዳውና በመስተዋቱ መካከል በሚደረግ ጠብታ ፈሳሽ፣ ወይም ብርሃንን በሚያጣራ መስተዋት አማካይነት ያጠፋውና ከላይኛው ሽፋን ሥር ያለውን ነገር ያሳያል። ቆዳው አይቆረጥም፤ አይደማም፤ ልጁም አያለቅስም። ዛሬ በስልክ ካሜራ ላይ የሚገጠም ስላለ፣ የታየው ነገር ሥዕሉ ተነሥቶ ሩቅ ላለ ሐኪም ሊላክ ይችላል።

እከክ በዚህ መነጽር ሲታይ ምን ይመስላል? በ1997 የኢጣልያ ሐኪሞች እንደ ገለጹት፣ በቦዩ ጫፍ ላይ አንዲት ትንሽ ቡናማ ሦስት ማእዘን ትታያለች፤ ከኋላዋም ነጭ መስመር ይከተላታል። ሦስት ማእዘኗ የተባይዋ ራስና የፊት እግሮቿ ናቸው፤ ነጩ መስመር እየፈለፈለች የመጣችበት ቦይ ነው። በሰማይ ከፍ ብሎ የሚያልፈውን አይሮፕላን፣ በኋላውም የሚተወውን ነጭ የጢስ መስመር ያየ ሰው ይህን ምልክት አንድ ጊዜ ከተማረው አይረሳውም፤ በሕክምናም ስሙ ከዚሁ ከአይሮፕላኑ ነው የወጣለት። በቅርፊታማው እከክ ላይ ደግሞ አይሮፕላኖቹ አንድና ሁለት ሳይሆኑ ሰማዩን የሞሉት ናቸው። በጓዳ የተቀመጡት እማማ እጅ ላይ ይህ መነጽር ለ1 ደቂቃ ቢያርፍ ኖሮ የቤቱም የትምህርት ቤቱም ታሪክ ሌላ ይሆን ነበር።

ይሁን እንጂ መነጽሩን ከመጠን በላይ የሚያመሰግኑትን ጸሐፊው አይከተልም። በፈረንሳይ አገር ተደርጎ በ2007 በታተመ ጥናት ደርሞስኮፕ ከ100 የእከክ በሽተኞች 91ዱን ለየ፤ እከክ ከሌለባቸው ከ100 ሰዎች ደግሞ 86ቱን በትክክል ነጻ አወጣ። መልካም ነው። በ2011 በብራዚል አገር ድኾች መንደር የተደረገው ጥናት ግን ሌላ ነገር ተናገረ፤ መነጽሩ ከ100 በሽተኞች 83ቱን ሲያገኝ፣ እከክ ከሌለባቸው ከ100 ሰዎች በትክክል ነጻ ያወጣው 46ቱን ብቻ ነበር። ቆዳን ፍቆ በማይክሮስኮፕ ማየት ደግሞ ከ100 በሽተኞች 46ቱን ብቻ አገኘ፤ ነገር ግን ንጹሑን ሰው አንድ ጊዜም በሐሰት አልከሰሰም። ከሁለቱ ጥናቶች ጸሐፊው የሚረዳው ይህን ነው፤ መነጽሩ ብዙ ያገኛል፤ ነገር ግን የሚያየው ሰው በሚገባ ካልሠለጠነ ከጭረት ላይ የደረቀች የደም ጠብታ፣ ወይም የገባች የአቧራ ቅንጣት ተባይ ትመስለዋለች። የአይቡን ተባይ የሣለው ሰው ታሪክ በዚህ ዘመንም ሊደገም ይችላል። ስለዚህም በ2020 የታተመው የዓለም አቀፍ የእከክ ሊቃውንት ስምምነት ነገሩን በሦስት ደረጃ ከፍሎታል፤ የተረጋገጠ እከክ፣ በምርመራ ምልክት የታወቀ እከክና የተጠረጠረ እከክ። በመነጽር ተረጋገጠ የሚባለው ተባይዋ ራሷ ስትታይ ነው እንጂ ቦይ የሚመስል ነገር ስለ ታየ ብቻ አይደለም።

በእኛ አገር ደግሞ ሌላ ችግር አለ። ምልክቱን ያገኙት ሐኪሞች የመረመሩት በአብዛኛው ነጭ ቆዳ ነው፤ መማሪያ መጻሕፍቱም በዚያ ሥዕል የተሞሉ ናቸው። ቡናማዋ ሦስት ማእዘን በጠይም ቆዳ ላይ ስትቀመጥ፣ ቡናማ ነገር በቡናማ መሬት ላይ እንደ ወደቀ ነውና ትሰወራለች። ስለዚህ በእኛ ሰው ላይ የሚመረምር ሰው አስቀድሞ ነጩን የቦዩን መስመር መከተል፣ የቆዳው ቀለም ፈካ ያለበትን መዳፍን፣ የእጅን አንጓና የጣቶችን ጐን መፈለግ አለበት። በቅርቡ የወጡት አንዳንድ መነጽሮች ከሰው ዐይን የተሰወረ ልዕለ ሐምራዊ ብርሃን ጨምረው ስለሚይዙ፣ በዚያ ብርሃን ተባይዋ እንደ ትንሽ ፋኖስ ስታበራ ትታያለች። ይህ ለጠይም ቆዳ ትልቅ ተስፋ ነው። እስከዚያው ግን የራሳችን ሕዝብ ቆዳ ሥዕሎች ተሰብስበው የራሳችን የጤና ሠራተኞች መማሪያ ሊሆኑ ይገባል። ይህንን ሥራ የውጭ አገር ሰው ይሠራልናል ብሎ መጠበቅ አይገባም።

አንዳንድ ሰዎች ደግሞ፣ ውኃ በየቤቱ ሳይገባና መድኃኒት በበቂ ሳይገኝ የመነጽር ነገር ቅንጦት ነው ይላሉ። ይህ ቀላል ተቃውሞ አይደለም። በ2015 እና በ2016 ኤልኒኞ ባመጣው ድርቅ ጊዜ በአማራ ክልል የእከክ ወረርሽኝ ተነሥቶ፣ በ68 ወረዳዎች ከተመረመሩት 1.1 ሚሊዮን ያህል ሰዎች መካከል 379 ሺህ ያህሉ እከክ ተገኝቶባቸዋል። ያው ድርቅ ምዕራብ ሐረርጌንም ክፉኛ እንደ መታው የሚዘነጋ የለም፤ በ2017ም ከቤት ንብረቱ የተፈናቀለው ብዙ ሕዝብ በሐረርጌ ከተሞችና መጠለያዎች ተጨናንቆ ተቀምጧል። በአንድ ድንኳን 10 ሰው በሚተኛበት ጊዜ በየሰዉ እጅ ላይ መነጽር እየያዙ መዞር ሞኝነት ነው። በወረርሽኝ ጊዜ ዐይንና ጥያቄ ይበቃሉ፤ ታሳክካለህ ወይ፣ ከቤትህ ሌላ የሚያክክ ሰው አለ ወይ ተብሎ ተጠይቆ፣ መድኃኒቱ ለሁሉም በአንድ ጊዜ ይታደላል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2017 እከክን ትኩረት ከሚሹት የሐሩር አካባቢ በሽታዎች ቍጥር አስገብቶታል፤ በ2019ም አይቨርሜክቲን የተባለውን የሚዋጥ ክኒን ለእከክ ጭምር በመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ጽፎታል። መነጽሩ የሚያስፈልገው ለ100 የታወቁ በሽተኞች ሳይሆን፣ ከእነርሱ ኋላ ለሚመጣው ለአንዱ መልኩ ለተለወጠ በሽተኛ ነው። ነገር ግን ያ አንዱ፣ ከላይ እንዳየነው፣ የ100ውን መድኃኒት ከንቱ ሊያደርግ ይችላል። ስለዚህ ነገሩ መድኃኒት ወይስ መነጽር የሚል ምርጫ አይደለም፤ መነጽሩ የመድኃኒቱ ጠባቂ ነው።

መነጽሩ በጤና ጣቢያው ከገባ የሚያገለግለው ለእከክ ብቻ አለመሆኑንም ማሰብ ይገባል። ሙጃሌን ሁሉም ያውቃታል፤ በ1872 ከብራዚል ወደ አንጎላ በመጣ መርከብ ወደ አፍሪካ ምድር ወርዳ አህጉሩን እንዳቋረጠች ይነገራል። ብዙውን ጊዜ በእግር ጣት ጥፍር ሥር ስለምትገባ አትሳሳትም፤ በክርን፣ በመቀመጫ ወይም በእጅ ላይ ስትወጣ ግን ኪንታሮት ወይም እባጭ ትመስላለች። በመነጽር ሲያዩዋት በነጭ ክብ መካከል ጥቁር ነቁጥ ትታያለች፤ ይህችም የቁንጫዋ የጀርባ ጫፍ ናት፤ በእርሷ ትተነፍሳለች፤ በእርሷም ዕንቁላሏን ትጥላለች። ቁንጭር ግን ሌላ ነው። በደጋው አገር ከሽኮኮ ወደ ሰው በአሸዋ ዝንብ የሚተላለፈው ይህ ደዌ፣ በተለይም ሰውነትን ሁሉ በእብጠት የሚያለብሰው ዓይነቱ፣ ሥጋ ደዌን በጣም ስለሚመስል ሐኪሞችን ለብዙ ዘመን አስቸግሯል። በመነጽር ሲታይ ቢጫ ጠብታና ነጭ የኮከብ ጨረር የሚመስል ምልክት ያሳያል፤ ይሁን እንጂ የቁንጭር ተሕዋስ ከመነጽሩ ኃይል እጅግ ያነሰ ስለ ሆነ በዚህ መሣሪያ ጥርጣሬ እንጂ ፍርድ አይገኝም። ቁስሉ ተፍቆ በማይክሮስኮፕ መታየት አለበት፤ በሽተኛውም በአዲስ አበባ እንደ አለርት፣ በወሎ እንደ ቦሩ ሜዳ፣ ወይም በጎንደር እንዳለው ሆስፒታል ወዳሉ ልምድ ያላቸው ቦታዎች መላክ ይኖርበታል። መነጽር የያዘ ሰው እስከ የት ድረስ መናገር እንደሚችል ካላወቀ ከመነጽር አልባው ይልቅ አደገኛ ነው።

ጸሐፊው የሚያሳስበው እንግዲህ እነሆ ነው። በጪሮ ሆስፒታልና በየወረዳው ዋና ጤና ጣቢያ፣ መሰላም ሳይቀር፣ አንዳንድ ደርሞስኮፕ ይኑር፤ ከእያንዳንዱም ቦታ ሁለት ሠራተኞች ይሠልጥኑ፤ አንድ ሠራተኛ ብቻ የሠለጠነ እንደ ሆነ እርሱ ወደ ሌላ ቦታ ሲዛወር ዕቃው በመሳቢያ ውስጥ ይቀራልና። አጠራጣሪ የሆነው ሥዕል በሐረር ወይም በአዲስ አበባ ወዳለው የቆዳ ሐኪም ይላክ። ሥዕል ሲነሣ ግን የበሽተኛው ወይም የወላጁ ፈቃድ ይጠየቅ፤ ፊቱ አይታይ፤ ስሙም አይጻፍ። የአንድን ልጅ ሽፍታ ፎቶግራፍ አንሥቶ በየቴሌግራሙ ማሠራጨት ሕክምና ሳይሆን ሐሜት ነው። መነጽሩ እስኪመጣ ድረስም የጤና ሠራተኛው የብዕር ቀለም አያጣም፤ በተጠረጠረው ቦታ ላይ ቀለም ቀብቶ በአልኮል ቢጠርገው፣ ቀለሙ ወደ ቦዩ ሰርጎ ስለሚቀር የተባይዋ መንገድ እንደ ቀጭን ጥቁር መስመር ይታያል። ዘዴው ያረጀ ነው፤ ዛሬም ይሠራል።

የመምህራን ድርሻ መመርመር አይደለም፤ ማስተዋል ነው። ታክሞ እየዳነ ደጋግሞ የሚያመው ተማሪ ካለ፣ በቤት ውስጥ የማያክክ ነገር ግን ቆዳው ቅርፊት ያወጣ ሽማግሌ ወይም የአልጋ ቁራኛ እንዳለ ወላጁን ለብቻው በአክብሮት ይጠይቁ። ይህች አንዲት ጥያቄ ከብዙ መድኃኒት ትበልጣለች። ልጁን ከክፍል ማባረር አይገባም፤ የመጀመሪያውን መድኃኒት በወሰደ በማግሥቱ ሊመለስ ይችላል። የቆሰለውን እከክ ግን ችላ አይበሉት፤ በቁስሉ የሚገባው ባክቴሪያ ኋላ ኩላሊትን የሚጐዳበት ጊዜ አለ።

መድኃኒቱ የሚሰጠው አብረው ለሚኖሩት ሁሉ፣ ለማያክኩትም ጭምር፣ በአንድ ቀን ነው። የፐርሜትሪን ቅባት ሌሊቱን በገላ ላይ አድሮ ይታጠባል፤ አይቨርሜክቲን በክብደት ልክ ይዋጣል፤ ነገር ግን ለነፍሰ ጡርና ከ15 ኪሎ በታች ለሆነ ልጅ አይሰጥም። ሁለቱም ከ1 ወይም ከ2 ሳምንት በኋላ ይደገማሉ፤ ክኒኑ ዕንቁላሉን ስለማይገድል በዚያ ጊዜ የተፈለፈሉትን ለማግኘት ነው። ቅርፊታማው እከክ ግን በዚህ አይበቃውም፤ በሐኪም ፊት ብዙ ጊዜ የሚደጋገም መድኃኒትና ቅርፊቱን የሚያለሰልስ ቅባት ያስፈልገዋል፤ ልብሱና መኝታውም በሙቅ ውኃ መታጠብ አለበት። ከመድኃኒቱ በኋላ ማሳከኩ ከ2 እስከ 4 ሳምንት ሊቆይ ይችላል፤ የሞተችው ተባይ ከቆዳው ጋር ተልጣ እስክትወድቅ ድረስ የሰውነት ቍጣ አይበርድምና። በዚህ ጊዜ ብዙዎች ተሸብረው መድኃኒቱን ከታዘዘው በላይ ይደጋግሙታል፤ ቆዳቸውንም ያቃጥሉታል። አሮጌና ባዶ ቦይ መታየቱ ብቻ ሕመሙ አልተሻለም አያሰኝም፤ አዲስ ቦይ ከወጣ፣ ወይም ማሳከኩ ከ4 ሳምንት ካለፈ፣ መድኃኒት ከሱቅ ከመግዛት በፊት ወደ ጤና ጣቢያው ተመልሶ ቆዳውን ማሳየት ያስፈልጋል።